አራተኛው ዊዩ

ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስሜ ተጠራ። ያውም በሞንታርቦ!

ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወረቀት ዘርግተው፣ እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለወላጆች ቀን ከቀረቡት ጽሑፎች አንደኛ የወጣው…» ማለት ሲጀምሩ እኔ ከፊቴ የቆመችውን ልጅ ሹሩባ እየቆጠርኩ ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ የራሴን ስም ሰማሁ። የራሴን! በስሜ የምትጠራ ሌላ ልጅ ያለች መስሎኝ ዞር ዞር ብዬ ፈለግኋት። ከኋላዬ ያለችው «ሂጂ እንጂ፣ ምን ይገትርሻል!» ብላ ገፋችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ደስታ እግር ላይ ነው መሰለኝ የሚወጣው፤ መራመድ አቃተኝ። ጽሑፍ መሞካከር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ሰው አንብቦ «ደስ ይላል» ሲለኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ መድረክ ላይ ቆሜ፣ በማይክ፣ ወላጆች ሁሉ ፊት አነባለሁ ማለት ነው።

ታዲያ ሰው እያጨበጨበ ሳለ ያ የትምህርት ቤታችን አሮጌ ሞንታርቦ ከሆዱ «ዱም» የሚል ድምፅ አወጣ። አንዳንዴ እንዲሁ ያደርገዋል፤ ሽቦው ላልቷል መሰለኝ። እንዲህ ያለ ድምፅ በጆሮ አይገባም፣ በደረት ነው የሚገባው። ደረቴ ውስጥ ገባና ሦስት ዓመት የዘጋሁትን ነገር አንኳኳ። አየሩ ደረቅ ነበር፣ ፀሐይም ወጥታ ነበር፤ እኔን ግን የተረገጠ እርጥብ ሣር ሸተተኝ። የጄኔሬተር ጭስ ሸተተኝ።

ከሰልፍ በኋላ የአማርኛ መምህራችን ቢሯቸው በር ላይ ጠሩኝ።

«ቲቸር፣ በጣም አመሰግናለሁ» አልኳቸው።

«አታመስግኚኝ፤ ጽሑፍሽ ግማሽ ነው» አሉኝ። «ቴፒ ሄደሽ፣ እህትሽ ትከሻ ላይ ወጥተሽ፣ ሲዘፈን ታያለሽ። ደስ ይላል። ከዚያ አለቀ! እህትሽ ከትከሻዋ አውርዳሽ የት ሄደች?»

ደብተሬን አቅፌ ወደ ሰልፉ ሜዳ ዞር አልኩ።

«እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለሽ። ካልፈለግሽ እንዳለ አንብቢው፣ ማንም አይወቅስሽም። እኔ ግን ግማሽ መሆኑን አውቄያለሁ፤ አንቺም ታውቂዋለሽ።»

ይኸው፣ ልጨርሰው ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ስለ ጥሪው ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የቀረው አይገባም። እኔና እህቴ የተወለድነው ሸኮ ነው፣ ቤታችን ቡና መሃል ነበር። ቡና መሃል ስል በመስመር የተተከለ እንዳይመስላችሁ። ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ ጥላ ይሆናሉ፣ ቡናው ከሥራቸው እንዳሻው ተጠላልፎ ያድጋል። አምስት እርምጃ የራቃችሁ ሰው አይታያችሁም። ቅርንጫፍ ሲጎነበስ ትሰማላችሁ፣ ፍሬው ቅርጫት ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ትሰማላችሁ፤ ሰውየውን ግን አታዩትም።

ስለዚህ ለቃሚ ይጣራል። ስም አይጠራም፤ ስም ጫካ ውስጥ ይሰበራል ይላል አባቴ። «ዊዩ!» ነው የሚባለው፤ መጀመሪያው ረዘም ይልና መጨረሻው ሽቅብ ይወጣል። የሸኮ ልጅም፣ የቤንች ልጅም፣ የከፋ ልጅም፣ ከሰሜን የመጣም እኩል የሚለው ነገር ስለሆነ ትርጉም አይፈልግም። የሰማ ሁሉ «ዊዩ!» ብሎ ይመልሳል። ሕጉ ይኸው ነው፤ የሰማ ይመልሳል። ተኮራርፋችሁም ቢሆን ትመልሳላችሁ። አንድ ቀን እኔ ሙዝ እየበላሁ ዝም ብዬ አባቴን አስሮጥኩት። እያለከለከ መጥቶ ሲያገኘኝ አልመታኝም። ሙዙን ከእጄ ወሰደ፣ ፊቴ ቆሞ በልቶ ጨረሰና «አፍሽ ውስጥ ምንም ይኑር፣ መልሺ» ብሎኝ ሄደ።

ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው እንደ ጠፋ አይቆጠርም፤ እንደ ወደቀ ነው የሚቆጠረው። ወይ ቅርንጫፍ ተሰብሮበታል፣ ወይ እባብ ነድፎታል፣ ወይ ጉድጓድ ውስጥ ገብቷል። አራተኛ ጥሪ የለም። ጠሪው ቅርጫቱን ጥሎ ይገባል፤ ሲገባም ቀና ብሎ አይፈልግም። ጎንበስ ብሎ፣ ሥር ሥሩን እያየ ነው የሚፈልገው፤ መልስ የሌለው ሰው መሬት ላይ ነውና። ይቺን ያዙልኝ።

እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ «እቴቴ» እላታለሁ፣ እሷ «ሚጣ» ትለኛለች። ከቤታችን ሰው ሁሉ ጆሮ ያላት እሷ ነበረች። እኔ መልሼላት አባቴ ገና «ማን ነው?» እያለ ሳለ እሷ የቆምኩበትን ዛፍ ሳይቀር ታውቅ ነበር። «የዚህች ልጅ ጆሮ የድኩላ ነው» ይል ነበር አባቴ።

ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ወደ ቴፒ ይዛኝ ሄደች። በለቀማ ወቅት እዚያ ሄዳ ትለቅም ነበርና፣ ሥራው ባለቀ ሰሞን ኳስ ሜዳው ላይ ዘፋኝ ይመጣል ተባለ። ከዚያ በፊት ሙዚቃ የማውቀው ከስልክና ከሚኒባስ ነው። እዚያ ግን ከሰው ጭንቅላት ሌላ ምንም አላይም ነበር፤ ወገብና ክርን፣ ወገብና ክርን። እቴቴ ብድግ አድርጋ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችኝ።

ያን ጊዜ ነው ሙዚቃን መጀመሪያ በሥጋዬ የሰማሁት። ሞንታርቦው «ዱም» ሲል መጀመሪያ የእሷ ትከሻ ይመታል፣ ከዚያ የእኔ እግር፣ ከዚያ ሆዴ። ፀጉሯ የቀይ ቡና ልጣጭ ይሸት ነበር፤ ያ የሚጣፍጥ፣ ትንሽ የኮመጠጠ ሽታ። ቁርጭምጭሚቴን የያዙት ጣቶቿ ከቡናው ወዝ የተነሳ ጠቁረው ይጣበቁ ነበር። ከኋላችን አንዱ ሰውዬ ተቆጣ።

«አንቺ! ልጅቷን አውርጃት እንጂ፤ እኛም ዓይን አለን!»

«ዓይን ካለህ በጎን እየው!» አለችው እቴቴ፤ የዞረችለትም አይመስለኝም። ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ሰውዬውም ሳቀ።

ሲደክማት አወረደችኝ። እኔ ደግሞ ሸንኮራ የሚበላ ሰው አይቼ ሸንኮራውን ተከትዬ ሄድኩ። ቀና ስል የማውቀው ሰው የለም። ሙዚቃው እንዳለ ነው፣ ሰው ይዘላል፣ ወገብና ክርን። አፌን ለለቅሶ ስከፍት ከሩቅ መጣ፤ «ዊዩ!» ከሞንታርቦው ሥር ሾልኮ፣ ቀጭን ሆኖ። «ዊዩ!» አልኩ ባለኝ ድምፅ። ሰው ሳቀብኝ፣ እኔ ምን ገዶኝ! እንደገና ጠራች፣ እንደገና መለስኩ። ሰዉን እንደ ቅጠል በሁለት እጇ እየከፈለች መጣች።

«አየሽ» አለችኝ፣ አፍንጫዬን እየጠረገች፣ «እዚህም ቡና ነው።»

ያሸነፈው ጽሑፌ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። «እዚህም ቡና ነው»፤ አራት ነጥብ።

ከዚያ ሚዛን ተፈሪ ገባን። አባቴ ቡናውን ይዞ ሸኮ ቀረ፤ እናቴ ለእኔ ትምህርት ስትል ቤት ተከራይታ ገበያ ውስጥ እርድ፣ ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ መሸጥ ጀመረች። እቴቴ ትምህርቱን ስምንተኛ ላይ ትታው ስለነበር እናቴን ታግዛለች፣ ለቀማ ሲደርስ ትሄዳለች። ሁለቱም እጃቸው በእርድ ቢጫ ነበር። የእኔ እጅ ግን ቀለም ብቻ ነበረው፤ የእስክሪብቶ።

ሰባተኛ ክፍል ሆኜ ከከተማ ልጆች ጋር ገጠምኩ። ከሁሉም የክፍል አለቃችን ነበረች የምታስቀናኝ። አማርኛዋ እንደ ቴሌቪዥን ነው፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ በዚህ ጭቃ ውስጥ ነጭ ጫማ እንዴት እንደሚኖር እስከ ዛሬ አላወቅኩም። አጠገቧ ካስቀመጠችኝ ቀን ጀምሮ ሸኮነቴን እንደ ተቀደደ ካልሲ ጫማ ውስጥ ደበቅኩት።

አንድ ቀን ምሳ ዕቃዬን ረስቼ እቴቴ ይዛልኝ መጣች። በሩ ላይ ቆማ፣ ኮንጎ ጫማዋን ተጫምታ፣ ግቢ ሙሉ ተማሪ መሃል እኔን ለማግኘት የምታውቀውን አደረገች። «ዊዩ!»

ልጆቹ በሳቅ ፍርፍር አሉ። ሳምንት ሙሉ ኮሪደሩ ላይ «ዊዩ! ዊዩ!» ሆነ። «የማን ጫካ ሰው ናት?» አለች የክፍል አለቃችን። እኔ «እንጃ» አልኩ። ምሳ ዕቃው እጄ ላይ እያለ!

እስኪመሽ አልጠበቅኩም፤ እቤት እንደ ገባሁ፣ ቦርሳዬን ሳላወርድ ነገርኳት።

«እቴቴ፣ ከተማ ውስጥ እንደዚያ አትጥሪኝ።»

«ምን ብዬ ልጥራሽ?»

«ሰው እንዴት ነው የሚጠራው? በስሜ!»

«ስምሽ ያላቸው ልጆች ብዙ ናቸው እኮ። ማን እንደሆንሽ በምን አውቃለሁ?» ብላ ሳቀች። ፊቴን ስታይ ሳቁን ተወችው። «እሺ፣ ሚጣ። ካልጨነቀኝ አልጠራሽም።»

ካልጨነቀኝ ነው ያለችው። ይህንንም ያዙልኝ።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ። ውጪ ጎረቤቶቻችን ሬዲዮ ከፍተዋል። ልጆች ባጃጅ ላይ ተንጠልጥለው አብረው ይዘፍናሉ። ልቀጥል።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሚዛን ኳስ ሜዳ ከአዲስ አበባ ዘፋኝ ሊመጣ ነው ሲባል ከተማው ሁሉ ታመሰ። እናቴ «ከእህትሽ ጋር ከሆነ» አለች። «እጅሽን ከእጇ እንዳታወጪ!» እሁድ ነበር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። እቴቴ ኮንጎ ጫማዋን በሳሙና አጥባ አንፀባርቃዋለች። ሰማያዊ ነው። መንገድ ላይ ሁለት እርምጃ እየቀደምኳት ሄድኩ። አብረን መሆናችን በግልጽ እንዳይታወቅ ብዬ ነው፤ ልክ ነው፣ እንዲህ ነበርኩ።

ሜዳው ጢም ብሏል። ሁለት የጭነት መኪና ጀርባ ለጀርባ ገጥመው መድረክ ሠርተዋል፣ ከላዩ ሸራ ወጥረዋል፣ ሞንታርቦዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው የቤት ጣሪያ ያክላሉ። የጄኔሬተሩ ጭስ፣ የሰው ላብ፣ የተረገጠው ሣር፣ የአንዳንዱ ሽቶ። ከፊት ለፊት ባለ ነጭ ጫማዋ የክፍል አለቃችን እጇን አውለበለበችልኝ፤ «ነይ! ነይ!»

ሜዳው ስንገባ እቴቴ የያዘችውን እጄን ከእጇ አወጣሁ። የጎሉ ብረት አጠገብ ነበርን።

«እዚህ ጠብቂኝ።»

«የት ልትሄጂ?»

«እዚሁ ነኝ።»

«እዚሁ ማለት የት ነው?»

አልመለስኩላትም። በክርን ሥር እየሾለክሁ ገባሁ። አልዋሻችሁም፤ ፊት ስደርስ ደስ ብሎኝ ነበር። ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ዘለልን፣ የማላውቀው ሰው አንገቴን አቅፎ ዘፈነ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። በሕይወቴ ከሰው ጋር እንደዚያ አንድ ሆኜ አላውቅም። ሰማዩ ሲጠቁር እንኳ ደስ አለን። የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ አጨበጨብን!

አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሳይጀምር፣ በዚያች ባዶ መሃል፣ ከኋላ መጣ።

«ዊዩ!»

የክፍል አለቃችን ዓይኗን አፍጥጣ ዞረችብኝ። «ሰማሽ? ያቺ የጫካ ሰው እዚህም መጣች!» ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሁለተኛው ቀርቦ ነበር። ድምፁ መሃል ላይ ተሰብሯል። ጉሮሮዬ ከእኔ ሳይማከር ተነሳ፤ መልሱ ምላሴ ላይ ደረሰ። ዋጥኩት። ሙዝ እንደሚዋጥ ዋጥኩት።

ሦስተኛው ሲመጣ ዘፈኑ ተጀምሮ ነበር። ሌላ ሰው አይሰማውም። እኔ ግን ያንን ድምፅ ከየትኛውም ሞንታርቦ ሥር አወጣዋለሁ። ሰማሁት። እጄን አንስቼ እየዘለልኩ፣ ሰማሁት።

አራተኛ አልመጣም። «ተወችኝ» ብዬ እፎይ አልኩ።

ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የሚዛንን ዝናብ ታውቁት የለ፤ አያስጠነቅቅም። ከኋላ ያለው ሰው ሸራው ሥር ለመግባት ወደ ፊት ገፋ፣ የፊቱ መሄጃ የለውም። እግሬ መሬት ለቀቀ። እየተራመድኩ አይደለም፣ እየተወሰድኩ ነው። ደረቴ ላይ የአንድ ሰውዬ ጀርባ፣ ጀርባዬ ላይ የሌላው ደረት፤ ትንፋሽ ወጥቶ መመለሻ አጣ። ዘፋኙ በማይኩ «ወደ ኋላ! ወገኖቼ፣ ወደ ኋላ!» ይላል፤ የኋላው ግን አይሰማውም። አንድ የማላውቀው ክንድ ብብቴ ሥር ገብቶ ወደ መድረኩ ጎተተኝ። እኔ ቆሜ ስለነበር ተጎተትኩ። የቆመ ሰው ይጎተታል።

ሙዚቃው ተቋረጠ። የዝናብ ድምፅ ብቻ ቀረ። ሰዉ ሲሳሳ ከጎሉ ብረት ብዙ ርቆ፣ እኛ ስንዘልበት ከነበረው ቦታ ጥቂት እርምጃ ላይ፣ ክብ ሠርተው የቆሙ ሰዎች አየሁ። ጭቃው ላይ ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ፣ የአንድ እግር ብቻ፣ ውሃ ሞልቶበት።

አንዲት የማላውቃት ሴትዮ የራሷን ጭንቅላት ይዛ ትጮህ ነበር። «ልጅቷ ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ትፈልጋለች! 'ተነሺ ልጄ፣ ትረገጫለሽ' ብላት፣ 'እህቴ ወድቃለች' ትለኛለች! 'እህቴ እዚህ ወድቃለች' ትለኛለች!»

ሰው እዚህ ላይ ምን ብሎ ይጽፋል? ቲቸር አላስተማሩንም።

በባጃጅ ነው የወሰዷት። ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች። እኔ ክፍሉ ውስጥ መግባት ፈርቼ በመስኮቱ ነበር የማያት። አንድ ጊዜ አየችኝና ቢጫ ጣቶቿን ከብርድ ልብሱ ላይ ትንሽ አነሳች። እኔ ወደ ታች አየሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ ለእናቴ፣ ለአባቴ፣ ለጎረቤት፣ አንድ ነገር ነበር የምለው፤ «ጠርታኝ እንደሆነ አልሰማሁም፤ ሞንታርቦው ይጮህ ነበር።» ሰውም «እውነቷን ነው፣ በዚያ ጩኸት ማን ይሰማል» አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሞተች። ሸኮ ቀበርናት። ከዚያ ወዲህ በቤታችን «ዊዩ» ያለ ሰው የለም። አባቴ ቡናውን በዝምታ ነው የሚለቅመው።

እስከዚህ ጽፌ ትናንት ቆምኩ። ቅዳሜ እናቴ አዳራሹ ውስጥ ትቀመጣለች። ይህን ነገር መጀመሪያ ከሕዝብ መሃል ተቀምጣ በማይክ እንድትሰማው ማድረግ፣ ሁለተኛ ዝም ማለት መሰለኝ።

ግቢ ስወጣ እናቴ ሰሌን ላይ እርድ ታሰጣ ነበር፤ የከሰዓት ፀሐይ ነው። ሰኞ አንደኛ መውጣቴን ስነግራት በዚያው ቢጫ እጇ አፏን ይዛ እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጥታለች፤ ጉንጯ ላይ ቀለሙ እስከ ትናንት ነበር። አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ እርዱን ማገላበጥ ጀመርኩ።

«እማ።»

«ወዬ።»

«ያን ቀን ሰምቻታለሁ።»

«የትኛውን ቀን?» አላለችም። «ማንን?» አላለችም። እጇም አልቆመም።

«ሦስቱንም ጊዜ ሰምቻታለሁ፣ እማ። ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ፀሐይዋ እዚያው ናት፣ እርዱም እዚያው ነው፤ እኔ ግን የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

«ሆስፒታል፣ በሁለተኛው ቀን እህትሽን ጠየቅኳት» አለች። «'ምን ፊት አስገባሽ ልጄ? ሚጣ አልመለሰችልሽም?' አልኳት። 'መልሳልኛለች፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት' አለችኝ።» አንዱን የእርድ ስር አንስታ አገላብጣ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። «የእሷን ጆሮ! እኔ የወለድኩትን ጆሮ የማላውቀው መስሏት። ሁለታችሁም 'አልሰማሁም' አላችሁኝ። አንዷ ራሷን ልታተርፍ፣ አንዷ እህቷን ልታተርፍ። እኔ ሁለቱን ውሸት ይዤ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ።»

«ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ተቆጥቼ አንቺንም ልጣ?» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር በማይለይ ድምፅ፣ «ደግሞ አልተቆጣሁም ያለሽ ማነው? ኮረሪማ ስወቅጥ ማንን የምወቅጥ ይመስልሽ ነበር?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አጥብቃ፣ እስኪያመኝ። ዛሬ ትምህርት ቤት የሄድኩት በጉንጬ ላይ ሁለት ቢጫ መዳፍ ይዤ ነው፤ እርድ በቀላሉ አይለቅም። የክፍል አለቃችን አየችኝ። እህቴ ከሞተች ወዲህ ያንን ጥሪ አስመስላ አታውቅም፤ እኔም እሷም ስለ እሱ አውርተን አናውቅም። ዛሬ ግን «ቅዳሜ ትመጫለሽ?» አልኳት። «እመጣለሁ» አለችኝ፤ ጫማዋን እያየች።

ማንበቡን ልተወው እንደሆነ እናቴን ጠይቄያት ነበር። «አንብቢው» አለች። «ስትጨርሺ እኔ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ቆሜ እጠራሻለሁ።»

«አራተኛ የለም እኮ እማ። ሕጉ ሦስት ነው።»

«ሕጉን የምታስተምሪኝ አንቺ ነሽ? አራተኛውን እኔ እጠራለሁ አልኩሽ!»

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ኑ። አባቴም ከሸኮ ይመጣል። ወንበር ከሞላ ቁሙ፤ ስትቆሙ ግን አትጋፉ፣ ጎንበስ ያለ ሰው ካያችሁ ቀና እስኪል ቦታ ልቀቁለት። እኔ መጨረሻዋን መስመር ሳነብ ማይኩን አስቀምጣለሁ። እናቴ ትጠራለች፤ እኔ ከመድረኩ ላይ፣ ሁላችሁም ፊት፣ እመልሳለሁ። የእኔ አንድ ጉሮሮ ግን እቴቴ ጋ የሚደርስ አይመስለኝም፤ ሩቅ ናት፣ መልሴም ሦስት ዓመት ዘግይቷል። እናንተ ደግሞ ሕጉን አሁን አውቃችኋል፤ የሰማ ሁሉ ይመልሳል። አፋችሁ ውስጥ ምንም ይኑር።